ሳትስል የገባችው አማት

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ከጅማ መናኸሪያ ተነሳሁ። አንድ የልብስ ሻንጣና አንድ ከረጢት ሙሉ የጨርቅ ማስክ ይዣለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ። በኮረና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዩኒፎርም የሚያሰፋ ጠፋ፤ እኔም መቀሴን ወደ ማስክ አዞርኩት። ስለዚህ አንባቢዬ ከወዲሁ ይወቀው፤ በማስክ ክርክር ገለልተኛ አይደለሁም። አምንበታለሁ፣ እንጀራዬም ነው።

የምሄደው ጋምቤላ፣ ታናሽ እህቴ ሰናይት ዘንድ ነው። ባሮ ወንዝ አጠገብ የአሳ ቤት አላት። «እትዬ፣ ቀበሌው ለሐሙስ ስብሰባ ጠርቷል» አለችኝ በስልክ። «ምግብ ቤቶች በማስክና በርቀት ይቀጥሉ ወይስ ሰው አስቀምጠው ማስተናገድ ያቁሙ የሚለው ይወሰናል። አንቺ አፍ አለሽ፤ ነይና ተናገሪልኝ።» ሰው አስቀምጦ ማስተናገድ ከቀረ የእህቴ ቤት አለቀለት። በጋምቤላ ሙቀት የተጠበሰ አሳ በፌስታል አንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው የለም። ቤቱን ደግሞ ከሳር ክዳኑ ጀምሮ በላቧ ያቆመችው እሷ ናት። ስለዚህ ሄድኩላት።

እስከ መቱ

አውቶቡሱ በግማሽ ሰው ይጓዛል ተብሎ ታሪፉ እጥፍ ሆኗል። ግማሹ ወንበር ግን ከከተማው ወጥተን ብዙም ሳንርቅ ሞላ። አጋሮን አልፈን ወደ በደሌ ስንቃረብ ረዳቱ ድንገት ጮኸ፤ «ኬላ! ኬላ! አፋችሁን ልበሱ!» ከኪስ፣ ከጡት መያዣ፣ ከባርኔጣ ሥር ማስክ ወጣ። ትራፊኩ አንገቱን አስግጎ ሲያየን ሁላችንም ቀዶ ጥገና የምንገባ ሐኪሞች መስለን ተቀምጠናል። መኪናው እንደተንቀሳቀሰ ማስኩ ሁሉ ወደ አገጭ ወረደ።

አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ነበር የሸፈኑት። ከከረጢቴ አንድ ሰጠኋቸው። ገልብጠው አዩት፣ መረቁኝ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ይሄ በሽታ ኬላ ላይ ነው እንዴ የሚኖረው?» ብለው ጠየቁኝ። 

ከበደሌ ወዲያ ባለው አቧራ አንዲት ሴትዮ ሳል ያዛት። በአንድ ጊዜ መስኮቱ ሁሉ ተከፈተ፤ ጎኗ የነበረው ሰውዬም ተነስቶ መቆምን መረጠ። «ትንታ ነው! በማርያም ትንታ ነው!» እያለች ማለች። አሳዘነችኝ። ግን እውነት እንናገር ከተባለ፣ እኔም መስኮቴን ከፍቻለሁ።

መቱ አደርኩ። በሆቴሉ ለአንድ ጠረጴዛ ሦስት ወንበር ብቻ ነው የተፈቀደው። አራት ሆነው የገቡ ነጋዴዎች አንዱን ለብቻው ሌላ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ ሽሮውን ግን እየተነሳ ከእነሱ ትሪ ሲቆርስ አየሁት። አስተናጋጇም አየችው። ተያይተን ሳቅን።

ቁልቁለቱ

ማክሰኞ ጠዋት በሚኒባስ ቀጠልኩ። ጎሬ አካባቢ የሻይ ቅጠሉ ማሳ ጉም ለብሶ ነበር፤ ሹራቤን ደርቤ ተኮራምቼ አለፍኩት። ቡሬን ለቀን ቁልቁል መውረድ ስንጀምር ነገሩ ተገለበጠ። በየመታጠፊያው አንድ ልብስ እያወለቅሁ፣ ታች ሜዳው ላይ ስንደርስ በቀሚስ ብቻ ቀረሁ። ጋምቤላ ስገባ ማስኬ ከላቤ ጋር ተጣብቋል። «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» ያሉ አባቶች በጋምቤላ ፀሐይ አፋቸውን ዘግተው አያውቁም ማለት ነው።

ሰናይት መናኸሪያ ጠበቀችኝ። ልታቅፈኝ እጇን ዘረጋች፣ ትዝ አላት፣ ክርኗን ሰጠችኝ። ክርን ለክርን ተነካክተን ሁለታችንም አለቀስን።

የአሳ ቤቱ

ቤቱ ጎኑ ክፍት የሆነ ትልቅ ዳስ ነው፤ ንፁህ፣ ጠረጴዛዎቹ የተራራቁ፣ በሩ ላይ የእጅ መታጠቢያና ሳሙና ያለው። ዳጣ ያለው ጥብስ አሳ ቀረበልኝ። ግን በምሳ ሰዓት ከግማሽ በላይ ባዶ ነበር።

«ኑዌር ደንበኞቼ ቀሩብኝ» አለች። «በቱት ምክንያት ነው።»

ቱት የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ጓደኞቹ ቃሉን የሚሰሙት፣ ፊት ከዚህ ቤት የማይጠፋ ሰው። በኑዌር ባህል ወንድ ልጅ አማቱ እያየችው አይበላም። ነውር ነው፤ ክብሯን መንካት ነው። የቱት አማት ይህን ስለምታውቅ ኢታንግ ካለው ቤቷ ለሕክምና ወደ ከተማ ስትመጣ፣ የትም ከመግባቷ በፊት ከደጅ «እህ፣ እህ» ብላ ትስላለች። ቱት ድምፁን ያውቀዋል፤ ሳህኑን ይዞ ዞር ይላል። ነገሩ እንዲህ ሆኖ ለዓመታት በሰላም ኖሯል።

ታዲያ ሰናይት በደንቡ መሠረት በሯ ላይ «ሳል ያለበት አይገባም» ብላ ለጠፈች። ሴትዮዋ ስትመጣ ዘበኛው ማስክ ሰጣትና «እዚህ ማሳል ክልክል ነው» አላት። እሷም እንደ ታዛዥ ሰው ሳሏን ዋጥ አድርጋ ገባች። ቱት ቀና ብሎ አየ፤ ማስክ ያደረገች አንዲት ሴት ናት። መብላቱን ቀጠለ። እሷ ግን ግንባሩ ላይ ከተበጡት መስመሮች ለየችው። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች፤ ደጅ ላይ ማስኳን ስታወልቅ ነው ያወቃት። የጎረሰው አሳ አፉ ውስጥ ቀረ።

«ሐሙስ ተነስቶ ይዘጋ ይላል» አለች ሰናይት። «እሱ ካለ ደግሞ ግማሹ ሰው ከእሱ ጋር ነው።»

ቱትን ከሰዓት በኋላ ባጃጁን ጥላ ሥር አቁሞ አገኘሁት። ረጅም ነው፤ ከባጃጁ ሲወጣ ሁለት ጊዜ የሚወጣ ይመስላል።

«ቤቱን ጠላኸው?» አልኩት።

«ቤቱን አልጠላም፣ እማማ። ሰናይት ጥሩ ሰው ነው። ግን ማስክ ሁሉንም ሰው አንድ አደረገ። አማቴ የትኛው ነው? አላወቅሁም። አማቱን የማያውቅ ሰው፣ እሱ ምን ይባላል?»

«አማትህ ተቀይማለች?»

«እንዴት እጠይቃለሁ? እኔ እዚያ ሰፈር አልሄድም። አፍሬያለሁ።»

እማማ መባሌን ይቅር አልኩት፤ ማፈሩ ከልቡ ነበርና። ከእሱ ጋር የምከራከረው ነገር እንደሌለ ገባኝ። መሄድ ያለብኝ ወደ ሌላ ሰው ነው።

ኢታንግ

ረቡዕ ከቱት ሚስት ከኛቦል ጋር በሚኒባስ ኢታንግ ሄድን። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ሳሩ ሰው ይውጣል፣ ከብቶቹም እንደ ባለሥልጣን መሐል መንገድ ቆመው ያስጠብቁናል። ኛቦል በከተማ አድጋ በአንድ ጤና ጣቢያ በጽዳት ትሠራለች። በእናቷና በባሏ መካከል መቆሟ አድክሟታል። «ቤት ውስጥ ማንም አይናገርም» አለችኝ። «ቱት ይበላል፣ ግን እንደ በሽተኛ ነው።»

እናቷ ከጎጆዋ ፊት ለፊት ዛፍ ሥር ተቀምጣ ጠበቀችን። «ማሌ» ብዬ በኑዌርኛ ሰላም አልኳት፣ ኛቦል እንዳስተማረችኝ። «ማሌ» አለችኝና ራቅ ብዬ እንድቀመጥ በእጇ አሳየችኝ። ኛቦል አስተረጎመች።

«ተቀይመሻል ወይ?»

ሳቀች። «ራበው፣ በላ። ሰው ሲርበው ምን ያደርጋል? ሳልስል የገባሁት እኔ ነኝ። እድሜዬን ሙሉ ስዬ የምገባ ሰው፣ ያን ቀን ሰው ከለከለኝ ብዬ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የሁለታችን ነው።»

«ታዲያ ለምን አልላክሽበትም?»

«የእናት መልእክት በሰው አፍ ሲሄድ ይጣመማል። እሱ ራሱ መስማት አለበት።»

ዋልዋል የሚባለው የበቆሎ እንክብል በወተት ቀረበ። ያኔ ነው ያየሁት። የታናሽ ልጇ ባል ከብት ሲጠብቅ ውሎ ገባ፤ ከጎጆው ወዲያ በኩል ተቀመጠ። በእሱና በእሷ መካከል ከዘንባባ የተሠራ ሰሌን ቆሟል። እሱ ከወዲያ ይበላል፣ እሷ ከወዲህ፤ ስለ አንዲት ወላድ ላም ጮክ ብለው ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ማንም ማንንም አያይም፤ ማንም ግን ብቻውን አይደለም።

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ሙያዬ ጨርቅ መቁረጥ ነው፤ ክፍል የሚከፍል ነገር ሳይ እጄ ይበላኛል። የእህቴ ጠረጴዛዎች በሰሌን ቢከለሉ የጤና ሰዎች የሚፈልጉት ርቀት ተገኘ፤ ቱት የሚፈልገው ከለላም ተገኘ። ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይሄ ነው። ስነግራት ሴትዮዋ ብዙ ሳታስብ የራሷን ሰሌን ጠቀለለች፤ የቀረውን ከገበያው ገዛን። «ዓርብ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ» አለች ስንለያይ። «ምሳ ሰዓት እመጣለሁ።»

ማንጎው ሥር

የሐሙሱ ስብሰባ የተደረገው ቀበሌው ግቢ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ነው። ወንበሮቹ ተራርቀዋል፤ ተናጋሪ ሲቀያየር ድምፅ ማጉያው በአልኮል ይጠረጋል። የጤና ጽሕፈት ቤት ባለሙያዋ አጁሉ ትመራለች፤ ቀጭን፣ ቆፍጠን ያለች፣ ማስኳ ከአፍንጫዋ ዝቅ ብሎ የማያውቅ የአኙዋክ ልጅ።

የሆቴል ባለቤቱ ተነሳ፤ «አምስት ሆኖ የመጣን ቤተሰብ ሁለቱን ልጆች የት ላድርጋቸው?» ከአቦቦ ምርት ይዘው የመጡ አንድ የወሎ ሰፋሪ ቀጠሉ፤ «ስንቆም በማስክ፣ ስንቀመጥ ያለ ማስክ። ኮረና የተቀመጠ ሰው ያከብራል እንዴ?» ግቢው ሳቀ። አጁሉ ግን አልሳቀችም። «አባቴ፣ አያከብርም። ለዚህ ነው በሁለት ጠረጴዛ መካከል ያለው ነገር የሚያስጨንቀን» አለች። ይህችን ቃል ያዝኳት።

ቱት ተነሳ። «እኔ ሕግ አልቃወምም» አለ። «ግን ሰው የማይታወቅበት ቤት ውስጥ መብላት፣ ይሄ ለእኛ ከባድ ነው። በሽታው እስኪሄድ ይዘጋ።» ከኋላው ብዙ ራስ ተነቀነቀ። 

ተራዬ ደረሰ። ካሰብኩት ንግግር ግማሹን ጣልኩት። «እኔ ማስክ ሰፊ ነኝ፤ ጥቅሜን አልደብቅም» አልኩ። «ቱት ትክክል ነው። አጁሉም ትክክል ናት። ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ በጠረጴዛና በጠረጴዛ መካከል የሚቆም ነገር። እሱን አዘጋጅተናል። ከመዝጋታችሁ በፊት ነገ ምሳ ሰዓት መጥታችሁ እዩት።»

አጁሉ አጠገቧ የተቀመጠውን የቀበሌ ኮሚቴ በዓይኗ አማከረች። «እናያለን። ካልሆነ ግን ነገውኑ ይዘጋል» አለች።

ምሳ ሰዓት

ዓርብ ጠዋት ሰሌኖቹን ከዳሱ ማገር ላይ በሲባጎ ሰፍቼ አንጠለጠልኳቸው። ነፋስ እንዳያወዛውዛቸው የታችኛውን ጫፍ በድንጋይ ያዝኩት። ሰናይት የበሩን ማስታወቂያ ቀድዳ በቦታው «የታመመ ሰው ቤቱ ይታከም፤ ምግቡን እኛ እንልክለታለን» ብላ ጻፈች።

የኛቦል እናት ከሐኪም ቤት ወጥታ ከልጇ ጋር ከሁሉም ቀድማ መጣች፤ ማስኳን እንዳደረገች ጥጉ ላይ ካለው ሰሌን ወዲያ ተቀመጠች። ከዚያ ኮሚቴው ደረሰ። አጁሉ በጠረጴዛዎቹ መካከል ተዘዋወረች፣ ሰሌኑን በእጇ ገፋ አድርጋ ፈተነች። ቱት ከጓደኞቹ ጋር ደጅ ላይ ቆሟል። አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አድርጎ ያመነታል።  ዞሮ ቢሄድ ጓደኞቹም አብረውት ይሄዳሉ፤ የእህቴም ቤት አብሮ ይሄዳል።

ከጥጉ አንድ ድምፅ ተሰማ።

«እህ፣ እህ።»

የኮሚቴው ሰዎች ደንግጠው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። አንዱ በሩ ጋ ደረሰ። አጁሉ እጇን ማስኳ ላይ አድርጋ ወደ ድምፁ ዞረች። ሁሉም ከሸሸበት ወደዚያ የሄደው ቱት ብቻ ነበር። ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ገባ፤ ከሰሌኑ ወዲህ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ።  ከዚያ ከወዲያ በኩል በኑዌርኛ የሆነ ነገር ተነገረ። ቱት በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሲስቅ ነው የመሰለኝ፤ እያለቀሰም ነበር።

«ምን አለችው?» አልኳት ኛቦልን በሹክሹክታ።

«‹ብላ፤ አሳው ይቀዘቅዛል› አለችው።»

ሰናይት ሁለት ሳህን ይዛ ወጣች፤ አንዱን ከወዲህ፣ አንዱን ከወዲያ አኖረች። የቱት ጓደኞች እየተከተሉ ገቡ፤ ሦስት ሦስት ሆነው ተቀመጡ። ነገሩን ኛቦል ስታስረዳት አጁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ ሳቀ። «ምግብ እስኪቀርብ ማስክ አይወልቅም» አለች። «ሰሌኑም በየቀኑ ይጠረግ። ቤቱ ይቀጥላል።» እህቴ ማድ ቤት ገብታ ምድጃው ፊት ቁጭ ብላ ተንሰቀሰቀች። እኔ ግን አሳ ጠየቅሁ፤ ርቦኝ ነበር።

መልስ

ጅማ የገባሁት ከረጢቴ ባዶ ሆኖ ነው፤ ማስኮቼን የአሳ ቤቱ በር ላይ ተውኳቸው። ለማስክ ልከራከር ሄጄ ክር የጨረስኩት ሰሌን ስሰፋ ነው። በዚያ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፤ አንድ ደንብ ሰው ዘንድ ሲደርስ ከደጁ ቆሞ ቤቱ እንዴት እንደሚኖር ቢጠይቅ፣ ወንበር ይሰጡታል። በማስክ ዛሬም አምናለሁ።

ክልከላው ከቀረ ቆይቷል። ማስኩ ተረሳ፤ አራተኛው ወንበርም ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ባለፈው ሰናይት ስትደውል ሰሌኖቹስ ብዬ ጠየቅኋት። የድሮዎቹ አርጅተው ቱት ራሱ ከኢታንግ አዲስ አምጥቶ ሰቅሏል። አሁን በሩ ላይ ሰው ሲስል ማንም አይደነግጥም፤ ቱት ብቻ ሳህኑን አንስቶ ከሰሌኑ ወዲያ ይሻገራል።