እኔንም ከሱ ጋር እሰሩኝ

ይህ የሆነው ካቻምና፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሰሞን ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው የበሬው ሌባ አይደለም፤ የበሬው ባለቤት ናቸው።

እኔ የአዳማ ልጅ ነኝ። ደብረ ታቦር የመጣሁት ለማስተማር ነው። ጠዋት ጠዋት ከከተማው ወጣ ብዬ እሮጣለሁ። ገበሬዎቹ “ምነው፣ ማን አባረረህ?” እያሉ ይስቁብኛል። ስቀው ግን ዝም ብለው አያልፉም፤ አዳሬን፣ ጤናዬን፣ አዳማ ያለችውን እናቴን ሳይቀር ይጠይቁኛል። እዚህ አገር ሰላምታ የሚነፍግ ሰው የለም።

አንድ ጭጋጋማ ማለዳ ግን አንድ ሰው ግንባሩ ነጭ የሆነ ቦቃ በሬ እየጎተተ መጣ። “እንዴት አደርክ?” ስለው ቀና ብሎ አየኝና ሳይመልስልኝ አለፈ። ቅር አለኝ። ቤት ስደርስ ለአከራዬ አወራሁላት። እሷ ለጎረቤት፣ ጎረቤት ለገበያተኛ አዳረሱት። ወሬው በሬው የተሰረቀባቸው ሽማግሌ ጆሮ ሲደርስ ፖሊስ መጥቶ ጠየቀኝ። “ባየው አውቀዋለሁ” አልኩ። አፌ አያርፍም፤ ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌው የጠረጠሩት ሰው ተይዞ ተከሰሰ፣ ለኔም የምስክርነት መጥሪያ ደረሰኝ።

ከዚያ በፊት ችሎት ገብቼ አላውቅም ነበር፤ ስገባ ሁሉን ነገር እንደ ልጅ አፌን ከፍቼ ነበር የማየው። ተከሳሹ ከፊት ቆሟል። ሁለት እጁ በካቴና ታስሯል። ጋቢው ከትከሻው ተንሸራቷል፤ ሊመልሰው አልቻለም። አንገቱን ደፍቷል። ገና ሳየው በልቤ “እሱ ነው!” አልኩ። ጥርጣሬ የሚባል ነገር አልነበረኝም።

ቃላችንን ከመስጠታችን በፊት እኛ ምስክሮች አንድ ላይ እንድንምል ተጠራን። የበሬው ባለቤት አያ ሙጬ ከጎኔ ቆሙ። ከጥማዱ የቀራቸው አንድ በሬ ብቻ ነበር፤ አንድ በሬ ደግሞ ብቻውን አያርስም። ቀኝ እጃችንን እንድናነሳ ስንታዘዝ ሌሎቻችን አነሳን። እሳቸው አላነሱም።

“ምነው አባቴ፣ አይምሉም?” ሲሉ ዳኛዋ ጠየቁ። በዕድሜ ልጃቸው የሚሆኑ ሴት ናቸው።

“እምላለሁ እመቤቴ። እሱ ታስሮ እኔ ተፈትቼ ግን አልምልም” አሉ አያ ሙጬ። “ባባቶቻችን ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ ኩታ ለኩታ ተቋጥረው ነበር ዳኛ ፊት የሚቀርቡ። ቁራኛ ይባላል። ወይ ይፈታ፣ አለዚያ እኔንም ከሱ ጋር እሰሩኝ።”

ይህን ብለው ሁለት እጃቸውን ለፖሊሱ ዘረጉለት። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቁራኛ ሲባል የማውቀው የአልጋ ቁራኛን ብቻ ነበር፤ ከሳሽ አብሮ የሚታሰርበት አገር እንደነበር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

ዳኛዋ ግን አልሳቁም። ወደ ፖሊሱ ዞር ብለው “በካቴና ያቆማችሁት ያመልጣል ብላችሁ ነው?” አሉት።

“አይ ክብርት ዳኛ፣ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው የምናመጣቸው።”

“ይፈታ። እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ማንኛችንም ንፁህ ሰው ነው። እኔም ቀድሜ ይህን ማለት ነበረብኝ።”

ቁልፉ ቁርስ ሊበላ በወጣ ሌላ ፖሊስ ኪስ ነበር። ችሎቱ በሙሉ ቁልፍ ስንጠብቅ አያ ሙጬ ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ አሉ። ካቴናው ሲፈታ ማሉ፤ እኛም አብረን ማልን። ከዚያ ተራችን እስኪደርስ ወደ ውጭ አስወጡን።

ተጠርቼ ስመለስ ተከሳሹ ጋቢውን አስተካክሎ ለብሶ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱን በደንብ ያየሁት ገና ያን ጊዜ ነው። ስሮጥ ከሚስቁብኝ ሰዎች አንዱን ይመስላል። ደነገጥኩ።

ዐቃቤ ሕጉ “በሬውን ሲጎትት ያየኸው ሰው ይህ ነው?” አለኝ።

በሬው ሲወሰድ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ነው ብል ሰውየው ይታሰራል፣ አይደለም ብል የሽማግሌው በሬ ቀልጦ ይቀራል። ያን ማለዳ ጭጋግ ውስጥ ያየሁትን ፊት ለማስታወስ ሞከርኩ። አንዴ ይመጣልኛል፣ አንዴ ይጠፋብኛል። ቅድም ያን ያህል እርግጠኛ ያደረገኝ ምን ነበር? እጁ ላይ ካለው ብረት በቀር ምንም አላገኘሁም።

“በቁመቱ ይመስላል” አልኩ። “እሱ ነው ብዬ ግን መመስከር አልችልም።”

የዐቃቤ ሕጉ ፊት ጠቆረ። እኔም ላብ በላብ ሆኜ ወጣሁ።

አያ ሙጬን ግቢው ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው አገኘኋቸው። ፊታቸው መቆም አፈርኩ። ያልኩትን ነገርኳቸውና “አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ” አልኩ።

“ምን አጠፋህ ልጄ? ያላየኸውን አየሁ አላልክ።”

“እርስዎ ግን እሱ እንደወሰደው ያምናሉ?”

“እኔማ ካንጀቴ አምናለሁ።”

“ታዲያ ለምን አስፈቱት?”

ጥያቄዬ የገረማቸው ይመስል ትክ ብለው አዩኝ። “ከታሰረ ሰው ጋር ምን ሙግት አለ? ልረታው ነው እንጂ የመጣሁ፣ ልረግጠው አይዶለም” አሉኝ።

ከጊዜ በኋላ ዐቃቤ ሕጉን መንገድ ላይ አገኘሁት። ማስረጃው በቂ ስላልነበር ተከሳሹ በነፃ ተሰናብቷል። በሬውም አልተገኘም። “ሽማግሌውስ ምን አሉ?” ብዬ ጠየቅሁት።

“ምንም አላሉ። ፍርዱ ሲነበብ ተነስተው፣ እጅ ነስተው ወጡ።”

ሌባ አስመለጥኩ ወይስ ንፁህ ሰው አዳንኩ፣ ዛሬም አላውቅም። ባላውቅም ምስክርነቴ አይጸጽተኝም። የሚያስፈራኝ ካቴናው ባይፈታ ኖሮ ያለ አንዳች ማመንታት “እሱ ነው” እል እንደነበር ሳስብ ነው። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ደግሞ አንድ ነገር ራሴን እጠይቃለሁ። በሬው የኔ ቢሆን ኖሮ ይፈታ እል ነበር? የምል አይመስለኝም።