የሚስተር ጌታ ፊርማ

ጥፋቱ የመንገድ ጠራጊው መኪና ነው። ይህን የምለው ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም፤ ደግሞም ነው። የምንኖረው ከፌርፋክስ ጎዳና አንድ ብሎክ ገባ ብሎ፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ ነበር። በእኛ በኩል ያለው መንገድ የሚጠረገው ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ በዚያን ሰዓት መኪናውን ያላነሣ ሰው የቅጣት ትኬቱን ይቀበላል። የካውንቲዋ ሶሻል ወርከር ደግሞ ከሳምንቱ ቀን ሁሉ መርጣ የመጣችው ማክሰኞ ጠዋት ነው።

የመጣችው አባባን ለመገምገም ነበር። አባባ የወለዱኝ አባቴ ናቸው፤ ያኔ ሰማንያ ሊሞላቸው አንድ ዓመት ቀርቷቸዋል። ስኳር አለባቸው፣ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏል፣ ያለ ሰው ገላቸውን መታጠብ አይችሉም። እኔ ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፋለሁ። ካውንቲው አባባን ለምረዳበት ሰዓት መክፈል ሲጀምር የሆቴሉን ሥራ በቀን ወደ አራት ሰዓት አወረድኩት፤ ጠዋት አጥቤ፣ አብልቼ፣ መድኃኒታቸውን ሰጥቼ ከምሳ በኋላ እሄዳለሁ፤ እሳቸውም አብዛኛውን ተኝተው ያሳልፉታል። ታዲያ በዓመት አንድ ጊዜ ሰው ቤት ድረስ ይመጣና ሽማግሌው አሁንም እርዳታ ያስፈልጋቸዋል ወይ ብሎ ይመረምራል። አያስፈልግም ከተባለ እኔ ሙሉ ቀን ሆቴል እገባለሁ፣ አባባ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻቸውን ይውላሉ። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ዋዜማውን ለምኛቸው ነበር። "አባባ፣ ነገ እንኳ ትንሽ ይታመሙ" አልኳቸው። ክፉኛ ተቀየሙኝ።

"ልዋሽ?" አሉ። "ለመንግሥት?"

በነጋታው ሙሉ ልብስ ካላለበስሽኝ ብለው አስቸገሩ። ሸሚዙን እኔ ቆለፍኩ፣ ከረባቱን እኔ አሰርኩ፣ ጫማቸውን ተንበርክኬ አጠለቅኩ። ሴትዮዋ ስትገባ ያየችው ግን አምሮበት፣ ዘንጦ የተቀመጠ ሽማግሌ ነው። ስልኳን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ በዚያ ውስጥ አማርኛ የሚያስተረጉም ሰውዬ አለ። ገና ስምና የልደት ቀን እየተጠየቀ ሳለ የጠራጊው ድምፅ ከታች ተሰማ። መኪናዬን ላነሣ ወረድኩ። ፓርክ የማደርግበት ቦታ ያገኘሁት ከሁለት ብሎክ በላይ ሄጄ ነው። እያለከለኩ ስመለስ ሴትዮዋ ታብሌቷን እየከተተች ፈገግ አለችልኝ፤ "አባትሽ እንዴት ያለ ረዳት አላቸው!" አለች። እኔን መስሎኝ አመሰገንኳት።

በሩ እንደተዘጋ አባባ ጠሩኝ። ፊታቸው በርቷል።

"ያቺ ልጅ ጌታን ተጠምታለች" አሉኝ።

ከዚያ እያንዳንዱን ጥያቄ ከነመልሱ ተረኩልኝ። አስተርጓሚው "የሚረዳዎት ማን ነው?" ብሏቸዋል። አባባ "ረዳቴ ጌታ ነው" ብለዋል። ጌታ የሚባል ሰው አገራችን ሞልቷል፤ ምናልባት አስተርጓሚውም ጌታ የሚባል አጎት ይኖረው ይሆናል። መስመሩም ይንኮሻኮሽ ነበር። ብቻ እንደ ሰው ስም አድርጎ አስተላለፈው። "አብሮዎት ነው የሚኖረው?" "አዎ፣ ከእኔ ተለይቶ አያውቅም።" "ስንት ጊዜ ሆነው?" "አርባ ሦስት ዓመት።" "ሌሊትም ይረዳዎታል?" "ሌሊትም፣ ቀንም።" "ክፍያ ይጠይቃል?" ይህቺን ሲነግሩኝ አባባ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "ሁሉን በነጻ" ብለዋታል።

"አንድም ቃል አላመለጣትም" አሉኝ። "የእኛ ወጣቶች ስብከት ሲሰሙ እንደሷ ቢጽፉ የት በደረሱ!"

ያን ጊዜ ስቄ አለፍኩት። ይኸው፣ ሞኝነቴ።

ደብዳቤው ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። ቁም ነገሩ እንዲህ ነው፦ በቤቱ ውስጥ ሚስተር ጌታ የተባለ፣ ቀንና ሌሊት ያለ ክፍያ የሚረዳ አዋቂ ሰው ስላለ፣ የማጠቡ፣ የማልበሱ፣ የምግብ ማዘጋጀቱ ሰዓት ተሰርዟል። የገበያው ሰዓት ብቻ አልተነካም፤ ሚስተር ጌታ መኪና ይንዳ አይንዳ አልተጣራም ነበር።

ደሜ ፈላ። ስልክ መታሁ። አንድ ሰዓት ሙዚቃ አስደምጠውኝ አንዲት ሴት አነሣች። ደብዳቤውን አነበብኩላት።

"ሚስተር ጌታን ማነጋገር እችላለሁ?" አለች።

"አትችዪም" አልኳት።

"ሥራ ላይ ነው?"

"ስሚኝ እኅቴ፣ ጌታ ማለት እግዚአብሔር ማለት ነው። አባቴ ስለ እግዚአብሔር ነው የነገሯት።"

የኪቦርዱ ድምፅ ይሰማኛል። "ኦኬ" አለች በመጨረሻ፤ "ሶ፣ ከቤት ወጥቷል ማለት ነው?"

ክፋት የላትም፣ እውነቴን ነው። ፎርሙ ላይ እግዚአብሔር የሚባል ሣጥን ስለሌለ ግራ ገብቷት ነው። ያላት ሣጥን ሁለት ነው፤ ሰውየው አለ ወይም ሰውየው ወጥቷል። ወጥቷል ለማለት ደግሞ ራሱ ሚስተር ጌታ፣ አለዚያም አባባ መፈረም አለባቸው። ፎርሙን በፖስታ ላከችልኝ።

አባባ ፊት አስቀምጬ ተረጎምኩላቸው፦ "ከዚህ በላይ ስሙ የተጠቀሰው ሰው ከእኔ ጋር አይኖርም፤ አይረዳኝምም።" መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"በደርግ ጊዜ እንዲህ ያለ ወረቀት አቅርበውልኝ ነበር" አሉ። "ስምንት ወር አስረው አላስፈረሙኝም።"

"አባባ፣ ይሄ ካውንቲ ነው እኮ፤ ደርግ አይደለም።"

"ቃሉ ያው ነው" አሉ።

ምን ትሉታላችሁ? ስምንት ወር እንደታሰሩ እኔም አውቃለሁ፤ ያኔ ሕፃን ብሆንም እናቴ ስንቅ እያመላለሰች ያሳደገችኝ በዚያ ወሬ ነው። አንድ ቀን ግን ንዴት ቢይዘኝ እስክሪብቶ አንሥቼ ራሴው ልፈርምለት ነበር። የማንን ፊርማ ነው የማስመስለው? ተውኩትና ለሆቴሉ አለቃ ሙሉ ቀን እገባለሁ አልኳት።

ቸርች ውስጥ ነገሩን የሰሙ ሁሉ መካሪ ሆኑ። ከምክሩ አንዱ ብቻ ፍሬ ያለው መሰለኝ፤ የካውንቲውን የቤት ለቤት እርዳታ የሚቆጣጠር ኮሚቴ አለ፣ ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ማንም ሄዶ መናገር ይችላል ተባልኩ። ከሆቴሉ አስፈቅጄ አባባን ይዤ ሄድኩ። አባባ ያንኑ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። የምንናገርበትን አጀንዳ ቁጥር የሚጠይቅ ካርድ ሙሉ ተባልን፤ ስለ ግምገማ የሚለውን አይቼ ሞላሁ።

ለአንድ ሰው የተፈቀደው ሁለት ደቂቃ ነው፤ ለሚተረጎምለት አራት። ከፊት ለፊት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ መብራት ተተክሏል። ተርጓሚዋ እኔው ነበርኩ። አባባን ሌሊቱን ሙሉ አስጠንቻቸዋለሁ ማለት ይቻላል፦ "ሰዓቴ ተቆረጠ፣ በስሕተት ነው፣ መልሱልኝ።" በቃ፣ ይህን ብቻ። እሳቸው ግን ማይኩን ጨብጠው በቅድሚያ ሊቀመንበሯን ከነቤተሰቧ እንዴት ናችሁ አሉ። በግራ ያሉትን አባላት ሰላም አሉ፤ የቀኞቹ እንዳይከፋቸው እነሱንም ሰላም አሉ። ቢጫው በራ። እጃቸውን ዘርግተው መባረክ ጀመሩ። እኔ ምን ላድርግ? ሰው ባለበት አባቴን አላቋርጥ፣ ያላሉትንም ብዬ አልዋሽ፣ እየተርበተበትኩ ምርቃቱን ተረጎምኩ። "ሥራችሁ ይቃናላችሁ፣ ያሰባችሁት ይሙላላችሁ" ሲሉ ቀዩ በራ። ሊቀመንበሯ "አሜን" አለች፤ አዳራሹ አጨበጨበ።

ጸሐፊው ካርዳችንን አንሥቶ "አጀንዳ ሰባት፣ ደጋፊ" ብሎ መዘገበን። አጀንዳ ሰባት ምን እንደሆነ ኋላ አነበብኩት። ግምገማው በአጭር ጊዜ እንዲያልቅ፣ ጥያቄዎቹም እንዲቀነሱ የቀረበ ሐሳብ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። እኛንም ቆጥረው በሙሉ ድምፅ አለፈ።

ስንወጣ ግን ከአባላቱ አንዷ ተከትላ መጣች። የግለሰብ ጉዳይ እዚህ አይታይም፣ ዳኛ ፊት ቀርባችሁ ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ ብላ የት እንደምጽፍ አሳየችኝ። ለሷ እስከ ዛሬ እጸልያለሁ።

ይግባኙ የተሰማው በጥቅምት ነው። ጠባብ ክፍል፣ ክብ ጠረጴዛ፣ አንድ ዳኛ፤ አስተርጓሚዋ በዚህ ጊዜ በአካል የተገኘች የአገራችን ልጅ ነች። የሚስተር ጌታ ነገር ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ዳኛው ሰምቶኝ መነጽሩን አወለቀ፣ አፉን በእጁ ሸፈነ፣ ትንሽ ቆይቶ "ይህ ግልጽ ነው" አለ። "አሁን የሚቀረው አባትሽ እርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው ከራሳቸው መስማት ነው።"



"ራስዎ ይታጠባሉ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ አባባ።

"ራስዎ ይለብሳሉ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።"

ዳኛው ልብሳቸውን አየ፣ ጻፈ። እኔ ጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን እቆነጥጣለሁ። ጣልቃ እንዳልገባ ተነግሮኛል። አለቀልን አልኩ በልቤ።

"በዚህ ዓመት ወድቀው ያውቃሉ?"

በእኛ ቸርች "ወደቀ" ከተባለ ሰውየው ኃጢአት ሠራ ማለት ነው። ይህን አስተርጓሚዋ አታውቅም፣ ዳኛው ከየት ያውቃል? እኔ ግን ፊታቸውን አይቼ ገባኝ። ሲጠበቅ የኖረ ጥያቄ እንደመጣባቸው አንገታቸውን ደፉ።

"አዎ" አሉ። "ወድቄያለሁ።"

ዳኛው ቀና አለ። "ስንት ጊዜ?"

"በየማታው።"

"የት?"

"ቤቴ፣ በሩ አጠገብ።"

"እንዴት ሆነው ነው የሚወድቁት?"

"ልጄ ከሥራ ስትገባ እንዴት ዋሉ ትለኛለች። ደህና ዋልኩ እላታለሁ። እዋሻታለሁ።"

አስተርጓሚዋ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ተረጎመችው። ዳኛው እስክሪብቶውን አስቀመጠና ውሸቱ ምን እንደሆነ ጠየቃቸው።

ሙሉ ቀን መሥራት ከጀመርኩ በኋላ፣ አንድ ጠዋት፣ እኔ እንደወጣሁ ወደ መታጠቢያ ቤት ሲገቡ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። መሬት ላይ ቀሩ። ተጣሩ፤ ማን ይስማ? ሱሪያቸው ራሰ። ከሰዓት በኋላ በደረታቸው እየተሳቡ መኝታ ቤት ደረሱ፤ የአልጋውን ጠርዝ ይዘው ተነሡ፤ ልብሳቸውን ለመቀየር እስክመጣ ድረስ ፈጀባቸው። የቆሸሸውን ከአልጋው ሥር ደበቁት። ይህን ሁሉ የተናገሩት ወደ ዳኛው እያዩ ነው፤ እንደ ንስሐ። ያን ማታ እኔም ትዝ ይለኛል፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ሶፋው ላይ ሳገኛቸው "አባባ፣ ዛሬ ደግሞ ለማን ነው የዘነጡት?" ብዬ ስቄባቸዋለሁ።

ሁሉን ሁለት ጊዜ ሰማሁት፤ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በእንግሊዝኛ። አማርኛውን ቻልኩት። እንግሊዝኛው ላይ ነው ያለቀስኩት።

ሰዓቱ ተመልሶልናል፣ ይህን ተናግሬ ልገላገል፤ እንዲያውም ተጨምሮበት ነው የመጣው። ያን ቀን ግን ገና አላወቅንም። መኪና ውስጥ ገብተን ወደ ፌርፋክስ ነዳሁ። ተናድጄ ነበር። በማን እንደተናደድኩ አትጠይቁኝ።

"ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው።

"ብነግርሽ ሥራሽን ትተሽ ትቀመጫለሽ።"

"ሌላስ የዋሹኝ አለ?"

ይህን ያልኩት ለነገር ነው፣ መልስ ፈልጌ አይደለም። መብራቱ ያዘን። አባባ ወደ ፊት ያያሉ።

"የግራ ዓይኔ" አሉ።

"ምን ሆነ?"

"አያይም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከፋሲካ።"

መብራቱ ለቀቀን፤ ከኋላዬ ያለው ሰው ጥሩምባውን ይነፋል። ፓርክ በማይደረግበት ቀይ የመንገድ ጠርዝ ላይ አቆምኩና ወደ እሳቸው ዞርኩ። አባባ አሁንም ወደ ፊት ነው የሚያዩት። መኪና ውስጥ ስንቀመጥ ሁልጊዜ እኔ የምሆነው በግራቸው ነው።