የሐጂ እንድሪስ ጁክቦክስ

ባለፈው ሳምንት ፍሪጃችን ሥራ አቆመና ባለቤቴ ጠጋኝ አስጠራች። የመጣው ሰው ጎልማሳ ነው፣ እጁም ፈጣን። እኔ በረንዳ ላይ ሆኜ ጣናን እያየሁ ሳለ አንድ ሽታ መጣ። የተቃጠለ ሽቦ ሽታ። ይህን ሽታ አርባ ዓመት ቢያልፈኝም አፍንጫዬ አይስተውም። ገብቼ ቆምሁበት። ሰውየው ቀና ሳይል፣ "ጋሼ፣ ይኼ ድሮውንም የተቃጠለ ነው" አለኝ። ልቤ ግን ወረታ ሄዶ ነበር።

ዘመኑ ደርግ ነው፣ ዕድሜዬ ሃያ ሁለት። እዚሁ ባሕር ዳር በአንድ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ክፍል ረዳት ነበርሁ፤ ረዳት መሆኔን ግን ለሰው አልናገርም። የሰፈሩ ሬዲዮ ሁሉ ለጥገና እኔ ዘንድ ስለሚመጣ ራሴን እንደ መሐንዲስ ነበር የምቆጥረው። አክስቴ ጥሩነሽ ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ዓሣ የምትሸጥበት ቤት ነበራት። ሰዓት እላፊ ስለነበረ የሰው ጨዋታ ሁሉ እሑድ ከቀትር በኋላ ነው። ደንበኞቿ ዓሣውን እሷ ዘንድ ይበሉና ሙዚቃ ወዳለበት ቤት ይሄዱባታል። በዚህ ስትቆጭ፣ ወረታ ሐጂ እንድሪስ የሚባሉ ነጋዴ ከተዘጋ ሆቴል የገዙት ጁክቦክስ እንዳላቸው ሰማች፤ ሳንቲም ሲከቱበት የተመረጠውን ሸክላ የሚያጫውት ትልቅ ሣጥን ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የያዘችው ጥሪት ሁሉ እሱ ላይ ሊውል ሆነ።

"እኔ ምኑን አውቀዋለሁ? አንተ ደኅና ነው ካልኸኝ እገዛዋለሁ፤ አይሆንም ካልኸኝ እተወዋለሁ" አለችኝ።

ጥቅምት ነበር። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥቼ በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። የፎገራ ሜዳ በኑግ አበባ ቢጫ ለብሷል፤ እኔም የተጠበሰ የበቆሎ እሸቴን እየጋጥሁ በመስኮት አየዋለሁ። ኪሴ ውስጥ ካቻቢቴና ፒንሳ ነበሩ፤ ከሁለቱም የሚከብደው ኩራቴ ነበር።

ሐጂ ቀጭን፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። መጋዘናቸው ቆዳ ቆዳና ኑግ ኑግ ይሸታል። ጆንያውን ከዕቃው ላይ ገፈፉና፣ "በሬ ሳይጠመድ አይገዛም፤ ጥመደውና እየው። በእኛ ነውርን ደብቆ መሸጥ ሐራም ነው፤ የማውቀውን ሁሉ እነግርሃለሁ" አሉኝ። እውነትም እያዞሩ አሳዩኝ፤ እርጥበት ያሳበጠውን የእንጨት ጠርዝ፣ የተሰነጠቀውን መስታወት፣ ሲጫኗቸው አልወርድ ያሉትን ሁለት ቁልፎች። በመሐል አዛን ተሰማ። እስክመለስ አትቸኩል ብለውኝ ወደ ሶላት ሄዱ።

መቸኮል ደግሞ የእኔ ሙያ ነው። ጀርባውን ፈትቼ አይጥ የጎዘጎዘችውን ጭድ አወጣሁ፤ መርፌውን አየሁ፤ ሸክላ የሚያነሣውን ክንድ በዘይት አራስሁ። ከኋላ ጽሑፍ ያለበት አንዲት ቆርቆሮ በአቧራ ተሸፍና ነበር። አቧራውን ጠርጌ ባነብባት ኖሮ ይህን ታሪክ ባልነገርኋችሁ። ስፒናውን ሰካሁ። ቀዩና ቢጫው መብራት ቦግ ሲል ደስ ብሎኝ ሳቅሁ። ወዲያው ሣጥኑ አጉረመረመ፤ ጢሱ ተከተለ። ስፒናውን ነቅዬ መሬት ላይ ጣልሁት።

ያየኝ ሰው የለም። "ድሮውንም የተቃጠለ ነው" ብል ማን ያውቅብኛል? ለአክስቴ አይሆንም እላታለሁ፤ ስሜም ሳይነካ እመለሳለሁ። ቃሉን በአፌ እያመቻቸሁ ሳለ ሐጂ አንዲት የብረት ሣጥን በጋቢያቸው አቅፈው ገቡ።

"ይችን ቤት ረስቻት ነው" አሉ። "ዕቃው ለሌላ አገር መብራት የተሠራ ነው፤ የእኛን በቀጥታ አይችለውም። ኃይሉን የምትቀንስለት ይች ናት። ሳልነግርህ መሄዴ የእኔ ጥፋት ነው።"

 መሬት ላይ የወደቀውን ስፒና አዩና አለፉት። ጆንያ ላይ ተቀምጠው ከጎረቤት ሻይ አዘዙ። ቅርንፉድ የበዛበት ሻይ መጣ። እሳቸው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ኑጉ አዝመራ ያወጉኛል፤ እኔ ስኳሩን አማስላለሁ። ሰውየው የራሳቸውን ጥፋት ሳይጠየቁ ተናገሩ፤ እኔ የእሳቸውን ዕቃ አቃጥዬ ልዋሽ ነው። አፈርሁ።

"ሐጂ፣ አቃጥየዋለሁ" አልሁ።

"ከደጅ ጀምሮ ሸቶኛል" አሉኝ። "በል ክፈተውና እንየው።"

ከፈትነው። ፊውዙ ተቃጥሏል፤ ኮንደንሰር የሚሏት አንዲት ትንሽ ዕቃ ፈንድታለች። ልቡ፣ ትልቁ ትራንስፎርመር ግን ደኅና ነው። መሬት ላይ ተቀመጥሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን እፎይ ያልሁበት ጊዜ ጥቂት ነው።

በሳምንቱ ከራሴ ሬዲዮ ኮንደንሰር ነቅዬ፣ አዲስ ፊውዝም ይዤ ተመለስሁ። በስታኞ በየድሁት፤ ሐጂ የብረት ሣጥኗን አገናኙ። ክንዱ ተነሣ፣ ሸክላውን መርጦ አስቀመጠ፤ መጋዘኑ በማሲንቆ ተሞላ። ሐጂ ጥቂት ሰምተው ድምፁን ቀንስ አሉኝ። ለአክስቴ የሆነውን ሁሉ፣ ልዋሽ እንደነበረም ጭምር ነገርኋት። ሆዷን ይዛ ሳቀችብኝና፣ "ሻጩም ነውሩን ካልደበቀ፣ አንተም ካልደበቅህ፣ ምን እፈራለሁ?" ብላ ገዛችው። በእህል መኪና ተጭኖ መጥቶ ሐይቁ ዳር ዓመታት ዘፈነ። አዲሱን የደርግ ሳንቲም ስለማይቀበል አሮጌ ሳንቲም በብርጭቆ አስቀምጣ ለደንበኞቿ ትለውጥላቸው ነበር።

ያ ሻይ ለጥም የታዘዘ እንዳልነበረ የገባኝ ግን ባለፈው ሳምንት ነው። ባለቤቴን ሻይ አፍዪልን አልኋት። ጠጋኙ ዕቃውን እየሰበሰበ እቸኩላለሁ አለኝ። ትደርሳለህ ብዬ አስቀመጥሁትና ሐይቁን ስለወረረው እምቦጭ አወራሁለት። ስኳሩን ማማሰል ጀምሮ ተወው።

"ጋሼ፣ ቅድም ያልሁዎት ልክ አይደለም። እኔ ነኝ ያቃጠልሁት።"

"ከበረንዳ ጀምሮ ሸቶኛል" አልሁት። "ሻይህን ጠጣና ከፍተን እንየው።"