እያወቅሁ ያጠለቅሁት ቀለበት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሌንሴ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ሁለት ቀለበት አሳየችኝ፤ የአንዱ ፈርጥ ከመሬት የወጣ አልማዝ፣ የሌላው ላቦራቶሪ ውስጥ የተሠራ። እጮኛዋ ሁለተኛውን ሊገዛላት ፈልጓል፤ እሷ ደግሞ ሰው ምን ይለኛል ብላ ፈርታለች።

"እማ፣ ወርቅ ቤት ሠርተሽ የለ? እስኪ ለይልኝ።"

መነጽሬን አድርጌ አየሁ። በዓይን አይለዩም፤ ሁለቱም አልማዝ ናቸው። የእኔው ቀለበት ፈርጥ ግን አልማዝ እንኳ አልነበረም።

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አዳማ ገበያው አጠገብ አንድ ወርቅ ቤት ሻጭ። እጮኛዬ ገመቹ የሚሠራው መልካሳ ከተማ፣ ሙከራ እርሻ ላይ ነበር። ቀለበት ሊያስመርጠኝ ሲመጣ ጫማው አቧራ ለብሶ ነበር። ዚርኮኒያ የሚባለውን ሰው ሠራሽ ፈርጥ መረጥኩ።

"አልማዝ እንዳልሆነ ለአክስትሽ ልንገራቸው?" አለኝ።

"ማን ጠየቀን?" አልኩት።

እናቴ ስትሞት ያሳደጉኝ አክስቴ እትዬ በላይነሽ ናቸው፤ ከሸዋ ደጋ የመጡ፣ ሰፈሩ የሚፈራቸው ጨርቅ ነጋዴ። ገመቹን ከመጀመሪያው አልወደዱትም። የገበሬ ልጅ ነው፣ አማርኛው ይሰባበራል ይሉ ነበር።

የቀለበቱ ቀን የሚያዝያ እሑድ ነበር፤ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል። ዶሮ ወጡ ገና ቀርቦ ሳለ አክስቴ እጄን ሳብ አድርገው ፈርጡ ላይ ተነፈሱበት። አልማዝ ቢሆን ጉሙ ወዲያው ይጠፋ ነበር። ይህን ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። ጉሙ ቆየ።

"ስምሽ አልማዝ፣ ጣትሽ ላይ ብርጭቆ" አሉ፣ እንግዳው ሁሉ እንዲሰማ። "ይሄ ልጅ አታሎሻል። አውልቂና መልሺለት።"

ገመቹ አንገቱን ደፋ። እናቱ አማርኛው ባይገባቸውም የልጃቸውን ፊት አይተው የጠቀለሉትን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሱት። ይህን ሳይ ነው የተነሳሁት።

"ብርጭቆ አይደለም፣ ዚርኮኒያ ነው" አልኩ። "የመረጥኩትም እኔ ነኝ። ልንገራቸው ሲለኝ የከለከልኩትም እኔ ነኝ። እትዬ፣ እርስዎ የጠሉት ድንጋዩን አይደለም።"

"እሱን ካገባሽ ሠርግሽ ላይ አታይኝም።"

"እሺ፣ አይምጡ።"

እዚያ ቤት ለታላቅ እንዲህ ተብሎ አያውቅም። ከገመቹና ከእናቱ ጋር ወጥቼ የመልካሳን ሚኒባስ ያዝኩ። ቤት ስንደርስ እናቱ በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ አቀረቡልኝ፤ ከዚያ እጄን ይዘው ቀለበቱን አገላብጠው አዩና "ባሬዳ" አሉ። ያምራል ማለታቸው ነው። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

አክስቴ እንዳሉት ሠርጌ ላይ አልተገኙም። ሌንሴ ስትወለድ ግን ቅቤ ይዘው አራስ ጥየቃ መጡ። ስለ ቀለበቱ እስኪሞቱ ድረስ አንዳችን ለአንዳችን አላነሳንም፤ ይቅርታም አልጠየቅኋቸውም።

ፈርጡ በዓመታት ተጫረ፣ ደበዘዘም፤ ሁለት ጊዜ በዚያው ዓይነት አስቀይሬዋለሁ። አልማዝ ቢሆን እንዲህ በቀላሉ እንደማይጫር አልክድም። ገመቹ እጁ ሲፈታ አልማዝ ልግዛልሽ ብሎ ለምኖኛል፤ እምቢ አልኩ። እልህ ነው ትሉኝ ይሆናል። ይሁን፣ እልህ ነው።

ለሌንሴ ይህን ሁሉ ነገርኳት። "ያጠፋሁት መደበቄን ብቻ ነው" አልኳት። "አንቺ ደስ ያለሽን አድርጊ፣ ምን እንደሆነም አስቀድመሽ ተናገሪ። ከዚያ በኋላ የሚያኮርፍ ያኩርፍ።"