የመርከቧ ግራ ጎን

ሰፈሩ «ላሜራ» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ የተጋጨ መኪና ሲቀጠቅጥ፣ ስቱኮ ሲመርግና ቀለም ሲረጭ የኖረ ሰው ነው። ስለ ሥራው ብዙ አያወራም። አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ ይላል፦ «እኔ የሠራሁትን ቦታ በእጅህ ዳብሰህ ካገኘኸው መኪናዋን ውሰዳት።» እስካሁን መኪና የወሰደ ሰው መኖሩን አልሰማሁም።

ጡረታ ሲወጣ ከቤቱ ጀርባ ያለችውን የቆርቆሮ መጠለያ ለራሱ ያዘና መርከብ መሥራት ጀመረ። የጦር መርከብ አምሳያ። መጫወቻ እንዳትመስላችሁ፤ ከአልጋ ትረዝማለች። ጎኗ ከአሮጌ መኪና በሮች ተቆርጦ የተበየደ ነው። መድፎቿ የነዳጅ ቱቦዎች ነበሩ። ሚስቱ «ጣውንቴ» ብላ ስም አውጥታላታለች።

«ጣውንቴ ዛሬስ ቁርሷን በላች?» ትለዋለች ሳህኑን ስታቀብለው።

«አታሹፊ አንቺ ሴትዮ።»

«እኔን እኮ በሠርጋችን ቀን እንኳን እንዲህ ትክ ብለህ አላየኸኝም።»

«አንቺ ምን ስርጉድ አለሽና!»

ሚስቱ ብትቀልድም፣ ከመርከብ ሁሉ ይህችን ለምን እንደመረጠ ግን ታውቃለች። ወጣት ሳሉ ባሕር ኃይል ሰው ሲመለምል፣ ለመመዝገብ የሄደው ላሜራ ነበር። ታናሽ ወንድሙ የተከተለው መንገዱን በወሬ ለማሳጠር ብቻ ነው። ሐኪሙ ላሜራን መረመረውና «ግራ ጆሮህ አይሰማም» አለው። የጋራዡ መዶሻ ነበር የበላው። ከዚያ ሐኪሙ በሩ ላይ ተደግፎ ወደቆመው ወንድሙ ዞረና «አንተስ?» አለ። በዚያች «አንተስ» ወንድሙ ባሕረኛ ሆኖ ቀረ። የተመደበውም ላሜራ አሁን አምሳያዋን በሚሠራላት መርከብ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እናታቸው ቤት ግድግዳ ላይ የሚታየው ነጭ የለበሰው ልጅ ፎቶ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር እናትየው በአገጯ ወደ ፎቶው እያመለከተች «ባሕረኛው ልጄ» ትላለች። እንግዳው ወደ ላሜራ ካየ ደግሞ «እሱማ እዚሁ ነው» ትላለች። እዚሁ። ጣራ ሲያፈስ ጣራ ላይ የሚወጣው እሱ፣ ስትታመም አዝሎ ሐኪም ቤት የሚያደርሳት እሱ፣ ምክንያቱም እዚሁ ነው። በመጨረሻ እጇን ይዞ አጠገቧ ተቀምጦ ሳለ እንኳን «ባሕረኛው መጣ ወይ?» እያለች ነው ያረፈችው። ይህን ለሚስቱ አንድ ጊዜ ነግሯታል፤ ሁለተኛ አልደገመውም።

እውነተኛዋ መርከብ አርጅታ፣ ተቆራርጣ ከተሸጠች ቆይታለች። የጡረተኛ ባሕረኞች ክበብ ሊቀመንበር የላሜራን ሥራ በወሬ ሰምቶ ሊያይ መጣ። ዞሮ ዞሮ አያትና «አዳራሻችን መሃል እናስቀምጣታለን። የሠራትም ሰው ስም ከሥሯ ይጻፋል» አለ።

ላሜራ በልቡ ደጋገመው። በዚያች መርከብ ላይ፣ ከወንድሙ ስም በፊት የእሱ ስም!

«ብቻ» አለ ሊቀመንበሩ ጎኗን ዳበስ አድርጎ፣ «እኛ እንዲህ ስታበራ አናውቃትም። የመጨረሻ ዘመኗ ላይ እንደነበረችው አስረጃት።»

ያረጀውን ሲያድስ ለኖረ ሰው ይህ ቀላል ትእዛዝ አይደለም። በዚያ ላይ መርከቧን አንድ ቀን እንኳን ረግጧት አያውቅም። የሚያውቃት ወንድሙ ነው፤ እሱም የሚኖረው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው።

«ሄደህ ጠይቀው» አለችው ሚስቱ።

«ከምጠይቀው ምላሴ ይቆረጥ።»

ስለዚህ በሚያውቀው ሠራት። ቡናማና ብርቱካናማ ቀለም በአኳራጅ አቀጠነ፤ ከሆዷ ጀምሮ ወደ ላይ በስፖንጅ ነካ ነካ እያደረገ ዝገት አወጣላት። ከሥር ወፍራም፣ ወደ ላይ እየሳሳ የሚሄድ። ሲጨርስ ራቅ ብሎ አያትና ደስ አለው።

እሑድ ጠዋት ወንድሙ ሳይጠራ መጣ። ሳቁ ከእሱ ቀድሞ የሚገባ ቀጭን ሰው ነው።

«ጋሼ! የመጨረሻ የምሰማው እኔ ልሁን?» አለና መርከቧን አያት። አንድ ጊዜ ዞራት። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ምን ያስቅሃል?»

«ጋሼ ሙት፣ ይቺ እኮ ክረምቱን ጭቃ ላይ ያደረች ታክሲ ናት!»

በሩ ላይ የቆመችው ሚስት አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ግን አምልጧት ሳቀች።

«መኪና ነው ከሥሩ የሚዝገው» አለ ወንድሙ። «መርከብ ከላይ ወደ ታች ነው የምታለቅሰው። እዚህ፣ የመልሕቁ ሰንሰለት ከሚወጣበት ቀዳዳ። እዚህ፣ የወለሉ ውሃ ከሚፈስበት። ከዚህ በታች ያለው ደግሞ አረንጓዴ አተላ ነው።» ይህን ሁሉ የተናገረው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጣቱን በጎኗ ላይ እየነዳ ነበር።

ላሜራን ያቃጠለው ስህተቱ አይደለም። ያ ዓይን መጨፈን ነው። እሱ ወራት ሙሉ ፎቶ በማጉያ መነጽር እያየ የሠራትን፣ ያ ሰው በጨለማ ያውቃታል።

ቢሆንም በስህተት የተሠራች መርከብ ሥር ስሙ እንዲጻፍ አልፈለገም። ዝገቱን በጨርቅ ጠራርጎ አነሳውና እንደገና ጀመሩ። ወንድሙ ይናገራል፣ ላሜራ ይሠራል። ከእውነተኛ የመኪና በር የተፋቀ ዝገት ወንፊት ውስጥ ነፍቶ ከማያበራ ቫርኒሽ ጋር ለወሰው። ከየቀዳዳው ሥር ጠብ ያደርግና በደረቅ ብሩሽ ወደ ታች ይስበዋል። ባሕሩ ጥሎባት ለሚሄደው ነጭ ጨው ጠመኔ ፈጨ። ቀን በቀን መርከቧ አረጀች፤ ያላማረባት ቦታ አልነበረም።

ግራ ጎኗ ላይ ሲደርሱ ወንድሙ እጁን ያዘው።

«እዚህ ጋ አንድ ልጥፍ አለ። ከቁጥሩ በታች፣ መዳፍ የምታህል። ወደ ሰማያዊ ያደላ ግራጫ። እሷ የኔ ናት።»

«እንዴት ያንተ?»

«በገመድ ሳንቃ ላይ ተንጠልጥዬ ስቀባ ቀለሙን አሳስቼ ለወስኩት። አዛዡ ሲያይ አበደ። ከዚያ ምን አለ መሰለህ? ‹ማንም እንዳይነካት! ወደ መርከብ በተመለሰ ቁጥር ይያት!› አለ። ‹የጅሉ መስኮት› ብለው ስም አወጡላት። ጋሼ፣ ስንት ዓመት! መርከብ በሞላበት ወደብ ውስጥ ማታ ሰክረው የሚመለሱ ልጆች መርከባቸውን በእሷ ነበር የሚለዩት።»

ላሜራ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆን ብሎ የማይገጥም ቀለም ለወሰ።

«ትንሽ ሰማያዊ ጨምርባት… ገና ነው… አዎ! እሷው! እሷው ናት!» ወንድሙ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ላሜራ ብሩሹን አስቀምጦ ወደ ውጭ ወጣ። ለራሱ እንዲህ አለ፦ የዚህ ሰው ስህተት እንኳን ስም አለው፣ የሚናፍቀው አለው። የእኔ ሥራ ደግሞ አለመታየቱ ነው ሙያው። ማን ነው ያልታየን ነገር የሚናፍቅ?

መርከቧ ልትወሰድ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ወንድሙ በሌለበት፣ ኮምፕሬሰሩን አስነሳ። የልጥፏን ጠርዝ አሳሳው። ትክክለኛውን ግራጫ እንደ ጉም ረጨባት። ሲደርቅ የዝገቱን እንባ በላይዋ መልሶ ሳበው።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለች ሚስቱ ከበሩ።

«እያስተካከልኩ።»

«ማንን?»

የልጥፏን ቦታ ዳበሰ። የለችም።

አዳራሹ ከዘራ በያዙ ሽማግሌዎች ተሞልቷል። መርከቧ ስትገለጥ አጨበጨቡ። «ኧረ የሰው እጅ!» አለ አንዱ። «የመልሕቁን ዝገት እዩት!» አለ ሌላው። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ግራ ጎኗ እየዞሩ ጎንበስ አሉ፣ ተያዩ፣ ቀና አሉ። ጭብጨባው ቀዘቀዘ።

«የጅሉ መስኮትስ?» አለ አንድ የድሮ መድፈኛ።

ወንድሙ ሰው ገፍቶ ቀረበ። መነጽሩን አደረገ፣ አወለቀ። ከዚያ ያን ጣቱን ጎኗ ላይ አደረገና ዳበሰ። ወደ ፊት ሄደ፣ ተመለሰ፣ ወደ ታች ወረደ። ዓይኑን ጨፈነ። እንደገና ከፈተ። ቀና ብሎ ላሜራን ሲያየው ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፤ ገበያ መሃል እናቱ የጠፋችበት ልጅ ነው የመሰለው።

«ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ። «የቱ ጋ ነበረች? ጠፋችብኝ እኮ።»

ላሜራ ዕድሜውን ሙሉ ከሰው አፍ ሊሰማው የፈለገው ይህን ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከዚህ ሰው አፍ። አሁን ሲሰማው አንገቱን ደፋ።

«ውሃ በብርጭቆ ስጡኝ» አለ።

ከኪሱ የማትለየውን ብርጭቆ ወረቀት አወጣ። አጣጥፎ ነከራትና ቦታውን ሳይፈልግ፣ በቀጥታ፣ ክብ ክብ እያደረገ ማሸት ጀመረ። ግራጫ ውሃ በእጁ አንጓ ወረደ። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የወረቀቷ ድምፅ ብቻ ነው። ሰማያዊዋ መጀመሪያ እንደ ጥፍር፣ ከዚያ እንደ መዳፍ ሆና ብቅ አለች። ጠርዟ ላይ ሲደርስ አቆመ።

«ይኸው! ይኸው ጅሉ!» አዳራሹ ፈነዳ። ሽማግሌዎቹ ወንድሙን አቅፈው ያናውጡት ጀመር። ላሜራ ተገፍቶ ግድግዳው ጋ ደረሰ። እጁ እየተንጠባጠበ ቆመ። ሚስቱ አጠገቡ መጥታ ነጠላዋን ለመጥረጊያ ሰጠችው።

«አሁንም ትቀናለህ?» አለችው በደህናው ጆሮው በኩል።

«እንዴት አልቀና? እያቸው እስቲ!»

ከክቡ መሃል የወንድሙ ድምፅ ተሰማ፤ «ቆይ፣ ልቀቁኝ! ያ ሰውዬ እኮ እኔን ደበቀብኝ! እኔን! ስንት ዓመት ጎኗ ላይ የኖርኩትን!»

መርከቧ አሁንም አዳራሹ መሃል ናት፤ ስሙም ከሥሯ ተጽፏል። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጅሉ መስኮት ነው፤ ይህ ላሜራን እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠዋል። ወንድሙ ታሪኩን ያወራና ሲጨርስ ግን እንግዳውን በእጁ ይዞ ወደ ቀኝ ጎኗ ያዞረዋል።

«እዚህ ጋ ሁለት የመኪና በር ተጋጥሟል። ዳብሰህ አግኘው።»

እንግዳው ይዳብሳል፣ ያጣል። ያኔ ወንድሙ ጥግ ላይ ወደ ተቀመጠው ሰው በአገጩ ያመለክትና «ጋሼ ነው የሠራት» ይላል። ላሜራ አልሰማሁም ለማለት ይመቸዋል፣ ግራ ጆሮው ምክንያት ነው። ግን ልብ ብዬ አይቻለሁ፤ እዚያ አዳራሽ ሲቀመጥ ሁልጊዜ ቀኝ ጆሮውን ወደ መርከቧ አድርጎ ነው።