እኅቴ ለብሳው ስለምትተኛው ጡት መያዣ

በዚያ ከሰዓት በኋላ፣ ሚዛን ተፈሪ በእኅቴ ደጃፍ በተተከለው የዕድር ድንኳን ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፤ ከሸኮ በጭነት መኪና የመጡ ሦስት የአባታችን ዘመዶች፣ ካርታ የሚጫወቱ አራት የሰፈር ወንዶች፣ አንድ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ፣ አምስት የገበያ ጓደኞቿ፣ ጎረቤቷ የሆነች ልብስ ሰፊ፣ የእኅቴ አንድያ ልጅ፣ እና እኔ።

ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ሸራውን ይደበድባል። እኔ ጥግ ይዤ ተቀምጫለሁ። አብዛኛውን ዕድሜዬን በዚህ ከተማ ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ፤ ከጡረታ ወዲህ ግን ከሰላምታ ያለፈ ነገር ከአፌ አይወጣም። ምክንያቱ የራሴ ነው፤ እዚህ አላሰፍረውም።

እኅቴን የገደላት የጡት ካንሰር ነው። እርድና ኮረሪማ ትነግድ ነበር። ልጇ ጅማ ስትማር አንድ ነጭ ጡት መያዣ ገዝታላት መጣች። እኅቴ በልኳ የሆነ ለብሳ አታውቅም ነበርና እጅግ ወደደችው፤ ሌሊትም አታወልቀውም ነበር። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እየሳቀች የምታወራው ራሷ ነበረች።

በዚያ ቀን ሴቶቹ ለችግረኛ የሚሰጠውን ልብሷን እየለዩ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ከክምሩ መካከል ጡት መያዣውን በሁለት ጣቷ አነሣችው። ማንገቻው በእርድ ቢጫ ሆኗል።

«ይኸው! ሌሊት እንኳ አውልቂው፣ ደምሽን ያፍነዋል ብያት ነበር።»

«እውነትሽን ነው፤ ላቡም መውጫ ያጣል» አለች ሌላዋ። «የእኔ እናት እኮ እንዲህ ያለ ነገር ሳታውቅ ነው ዘጠኝ ልጅ አጥብታ ያረጀችው።»

«ያንቺ እናትማ ጡቷ በራሱ የቆመ ነበር!» አለች ሦስተኛዋ። ለቅሶ ላይ መሆናቸውን ረስተው ሳቁ።

ልብስ ሰፊዋ ክፉ ሴት አይደለችም። እኅቴ አልጋ ላይ ስትውል ገላዋን ያጠበችላት እርሷ ነች። ነገሩን የተናገረችውም ማንንም ልትወነጅል አልነበረም። ልጅቱ ግን ሰማች። ከቀብሩ ጀምሮ ውሃ እንጂ እህል አልቀመሰችም ነበር። ተነሥታ ጡት መያዣውን ከሴትዮዋ እጅ ወሰደች፤ ወንዶችና ሴቶች ተለያይተው የተቀመጡበትን ድንኳን መካከሉን አቋርጣ ፊቴ ቆመች።

«ጋሼ፣ የገዛሁላት እኔ ነኝ።»

«ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም። የገደልኳት እኔ ነኝ ወይ? አንተ ታውቃለህ፤ ንገረኝ።»

የካርታው ጨዋታ ቆመ። ወደ ጓዳ ወስጄ በጆሮዋ ልነግራት እችል ነበር፤ ነገሩ የተነገረው ግን በሰው ፊት ነው፤ በጓዳ የሚሰጥ መልስ ነገ ከእርሷ ጋር አደባባይ አይወጣላትም። ደክሞኝ ነበር። ቢሆንም ተነሣሁ።

«ጡት መያዣ ለብሶ መተኛት ካንሰር አያመጣም» አልኩ። ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። «ይህን የመረመሩ ሰዎች ግንኙነት አላገኙበትም። ደም አያፍንም፤ ላብም ቢሆን መርዝ ይዞ የሚወጣ ነገር አይደለም። እጅግ ከጠበበ ቆዳ ይልጣል፣ ያሳክካል፣ እንቅልፍ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ማላላት ወይም ማውለቅ ነው። የተመቻት ለብሳው ትተኛ፤ ያልተመቻት ታውልቀው። እኅቴን ተመችቷት ነበር።»

«መምህር ዛሬ ክፍል ገቡ!» አለ ከካርታ ተጫዋቾቹ አንዱ፤ ጓደኛው በክርኑ ጎሰመው።

ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገ። «መምህር፣ በሐዘን ቤት፣ ያውም ስለ እኅትዎ ገላ…»

«ወሬውን የጀመርኩት እኔ አይደለሁም፣ ወንድሜ።»

ሽማግሌው ጃንጥላውን አንሥቶ ወጣ። ካርታ ተጫዋቾቹ ዓይናቸውን ከእኔ እየሸሹ ተከተሉት። የሸኮዎቹ ዘመዶች መንገዱ ሳይበላሽ መድረስ እንዳለባቸው ነግረውኝ ተሰናበቱ። የገበያ ጓደኞቿም የተለየውን ልብስ በነጠላ ቋጥረው ሄዱ። ልብስ ሰፊዋ ብቻ ከቦታዋ አልተነሣችም።

«እንግዲያ ከምን መጣባት?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«ይህን ሁሉ ተምረው?»

«ይህን ሁሉ ተምሬ።»

እንዲህ ያለው መልስ ማንንም አያሳርፍም። ለሞት ምክንያት ያገኘ ሐዘንተኛ ቢያንስ የሚጣላው ነገር አለው፤ እኔ ያንን ወስጄ በምትኩ የምሰጠው አልነበረኝም። ልጅቱ ጡት መያዣውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አጠፈችው። ከዚያ በወንዶቹ አግዳሚ ላይ፣ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ትወደው ነበር፣ አይደል?»

«እጅግ ትወደው ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ቤት ገብታ ንፍሮ በሳህን ይዛ ተመለሰች። ይቅርታ አልጠየቀችም። ሳህኑን ልጅቱ ፊት አስቀምጣ፣ «በይ እንግዲህ፣ ብዪ» አለቻት፤ ራሷም ከወዲያ በኩል ተቀመጠች። ልጅቱ ጥቂት ፍሬ አንሥታ በዝግታ አላመጠች። ዝናቡ አላባራም፤ በድንኳኑ ውስጥ የቀረነው ሦስት ነበርን።