የሁለቴ ፊርማ

በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ሁለቴ» ነው የሚሏት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ውጤት ሁለቴ ሳታይ ፈርማ አታውቅም። የቸኮሉ ሐኪሞች «እባክዎ እትዬ፣ የዛሬን እንኳ አንዴ ይዩት» እያሉ ይለማመጧታል። «ከቸኮላችሁ ራሳችሁ ፈርሙ!» ትላቸዋለች፤ ደግማ ታያለች።

ወረቀት ቀርቶ ሁሉም ነገር በኮምፒውተር ሲሆን ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ጣት የሚያህል ቁልፍ ታደለ። ቁልፉ ካልተሰካ የሆስፒታሉ ዋና ኮምፒውተር ማንንም አያስገባም። ተሰክቶ የሚስጥር ቁጥሩ ከገባ ግን እስኪነቀል ድረስ የሚላከው ውጤት ሁሉ በባለቤቱ ስም ተፈርሞ ይሄዳል። ሌሎቹ ነቅሎ መሰካቱ ስለሰለቻቸው ጠዋት የሰኩትን ከሥራ ሲወጡ ነው የሚነቅሉት። ሁለቴ ግን እጇን ልትታጠብ እንኳ ስትነሳ ነቅላ አንገቷ ላይ ታንጠለጥለዋለች። «ባልሽንም እንዲህ ነው የምትጠብቂው?» ይላታል አጠገቧ የሚሠራው ባልደረባዋ ቀጮ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከልጇ ትምህርት ቤት ተደወለ፤ ልጅቷ ከደረጃ ወድቃለች። ሁለቴ ጋወኗን ሳታወልቅ በረረች። ደግነቱ ልጅቷ ክርኗ ከመላላጡ በቀር ደህና ነበረች። ወደ ሥራ ስትመለስ መንገድ ላይ አንገቷን ዳበሰች። ባዶ ነው። እየሮጠች ላቦራቶሪ ገባች።

ቁልፉ እንደተሰካ ነው። ስክሪኑ ላይ በእሷ ስም የተፈረሙ ዘጠኝ አዳዲስ ውጤቶች ተደርድረዋል።

«ቀጮ፣ ምን አደረግህ?»

«የኔ ቁልፍ አልሠራ አለኝ፤ ሰዉ ደግሞ እስከ በር ተሰልፏል። ያንቺ ክፍት ስለነበር በሱ ላክሁት። ምን ችግር አለው?»

 የደም ምርመራ መስታወቶቹን አንድ በአንድ እያነሳች ከተላከው ውጤት ጋር ታመሳክር ጀመር። ስድስተኛው ላይ ቆመች። መስታወቱ ላይ ያለው የደም ዓይነት ኦ ነው፤ የተላከው ኤ ይላል። ደግማ አየችው፤ ያው ነው። በሽተኛዋ ማዋለጃ ክፍል ደም እየፈሰሳት ያለች ወላድ ናት፤ ውጤቱ ከተላከ አርባ ደቂቃ አልፎታል።

ወደ ማዋለጃ ክፍሉ ስልክ ደወለች። አይነሳም። ደገመች፤ አሁንም አይነሳም። ቁልፉን መንጭቃ ወደ ደረጃው ሮጠች። «ፈጣሪዬ፣ እኔን እንደፈለግህ አድርገኝ፤ እሷን ብቻ!» ትላለች፤ ደረጃው አላልቅ አላት።

ስትደርስ የደሙ ከረጢት ተሰቅሏል። አንዲት ወጣት ነርስ ቱቦውን ከወላዷ ክንድ ጋር ልታገናኝ ጎንበስ ብላለች።

«አቁሚ! ደሙ ለሷ አይሆንም!»

የነርሷ እጅ ባለበት ቀረ። አንድም ጠብታ አልገባም ነበር። ሁለቴ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ከመስጠታችሁ በፊት እዚሁ ደግማችሁ አትፈትሹም እንዴ?» አለች፣ ትንፋሿ ሲመለስ።

ነርሷ አቀረቀረች።

«የሌላውን ሁሉ እንፈትሻለን፣ እትዬ። የእርስዎ ፊርማ ያለበትን ግን ፈትሸን አናውቅም።»